ግማሹ የጠቆረ ዲስክ

ቢንያሚን የሞተው ዓርብ ምሽት ማሃኔ የሁዳ ሰፈር ካለው አሮጌ ፎቅ ሥር፣ ወደ ሚክላቱ በሚያወርደው ደረጃ ግርጌ ነው። ሚክላቱ የጦርነት ጊዜ መሸሸጊያ ምድር ቤት ነበር፤ ሰላም ሲሆን ግን እሱና ሸሪኩ ካሕሳይ የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበሩ በዲስክ ያወጡበታል። ፖሊስ መጣ፤ አምፖሉ በርቷል፣ ኮምፒውተሩ ያጉረመርማል። «አንሸራትቶት ነው» ብሎ ሄደ።

ጎረቤት ደግሞ «ሰንበት ሽሮ ሲሠራ ሞተ» አለ። ይሄኛው እናቱን አሰፋችን ከሞቱ እኩል አንገበገባት። ፎቁ ላይ የሚኖሩት ታላቅ ወንድሟ ሹሜ፣ ለቅሶው ላይ እጇን ይዘው፣ «የሰው አፍ አትስሚ፣ እታለም። ልጅሽ ሰንበት ሳይሽር ነው የሞተ» እያሉ አጽናኗት።

ሰባቱ የለቅሶ ቀን እንዳለፈ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሰፋች መርማሪዋን ኢፋትን አስጠራቻት። ኢፋት የጎረቤቷ የእንጉዳይ ልጅ ናት፤ እዚሁ ሰፈር ነው ያደገችው።

«ካሕሳይ ነው የገደለው። ሲጮህበት ሰምቻለሁ» አለቻት አሰፋች።

ሚክላቱ ውስጥ ያገኘችው ካሕሳይ አልካደም። «ጮኼበታለሁ። የሰው ሠርግ ወዝፎ የአባቱን ካሴት ወደ ዲስክ ይገለብጥ ነበር። ፎቶውን ስትመርጪ የሟች አባቱ ድምፅ ይሰማል፤ ለእናቱ ነው።»

ኢፋት የኮምፒውተሩን ዲስክ ማቃጠያ ነካችና ዲስኩ ወጣ። ከአምፖሉ ሥር አዘነበለችው። ቀዳዳው ዙሪያ ጠቁሯል፤ ጠርዙ ግን እንደ አዲስ መስተዋት ያበራል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዲስክ ሲቀዳበት ከመሃል ወደ ዳር ነው የሚቃጠል። መብራት ሲቋረጥ እንዲህ ይቀራል።»

«ኮምፒውተሩ ግን ሲሠራ ነው የተገኘ።»

«የፎቁ መብራት ስለሚያስቸግር፣ ሲመለስ ራሱ እንዲነሣ አድርጌዋለሁ።»

የቢንያሚን እጮኛ ሃጋር፣ የት እንደነበረች ስትጠየቅ፣ እንደ ልማዷ በዕብራይስጥ መለሰች። «እኔ ከእናቱ ጋር ሻማ አበራ ነበር። ለቂዱሽ፣ ለሰንበቱ የወይን ቡራኬ፣ ልጠራው ስወርድ ነው ያገኘሁት።»

«በሰደር፣ እሺ» አለች ኢፋት። «አባባ ሹሜን ጥሩልኝ።»

አራቱ ሚክላቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኢፋት ዲስኩን አነሣች።

«ፎቁ ላይ ሳይጠፋ እዚህ ብቻ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። ማጥፊያው ደረጃው አናት ካለው ሣጥን ውስጥ ነው። ቢንያሚን ሊያበራ በጨለማ ሲወጣ ወደቀ። ያጠፋው ሰው መልሶ አበራው።»

«አላልኩሽም?» አለች አሰፋች ካሕሳይን እያየች።

«ካሕሳይ ቢሆን ዲስኩን አውጥቶ ይጥለው ነበር፤ ግማሽ መቅረቱን ማን እንደሱ ያውቃል? እማማ አሰፋች፣ ሃጋር እርስዎ ዘንድ ሻማ ስታበራ ነበር።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ ሹሜ፣ ሰው ሁሉ ያየው የበራ መብራትና የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። ለቅሶው ላይ ‹ሰንበት ሳይሽር ነው የሞተ› ያሉ እርስዎ ብቻ ሥራ ማቆሙን በምን ዐወቁ?»

ሹሜ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሰንበት ሊገባ ነበር። ዓርብ ዓርብ በሩን መትቼ ‹ያላ፣ ዝጋ› ስለው ይዘጋል። የዚያን ለት ‹ትንሽ ቀረኝ› አለኝ። ከኃጢአት ላድነው ብዬ አጠፋሁት። ሲወድቅ ሰማሁ። ሰንበት ገብቷል፤ ፊቱን ልይ ብዬ በገዛ እጄ አበራሁት።»

«ለምን አልጠራኸኝም፣ ወንድምዬ?»

«ትንፋሽ አልነበረውም። ዓይንሽን ፈራሁ።»

አሰፋች ልትረግማቸው አፏን ከፈተች። ሕፃን ሳለች እስከ ሱዳን በጀርባቸው አዝለው ያሻገሯት እኚሁ ናቸው። እርግማኑን ተወችው።

«ያባቱ ድምፅ እዚህ ዲስክ ውስጥ አለ?» አለች ካሕሳይን፣ ቀና ብላ ሳታየው።

«አለ፣ እናቴ። ግን እስከ መጨረሻው ተቃጥሎ ካልተዘጋ ማሽን አያነበውም። ካሴቱ አለ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ኢፋት ሽማግሌውን ደግፋ አወጣቻቸው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። አሰፋች ደረጃው አናት ላይ ብቻዋን ቀረች። ሣጥኑን ከፈተችው። ከታች አምፖሉ እንደበራ ነው፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ‹ዝጋ› የሚለው ወንድሟም ሄዷል። እጇን ዘረጋች። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ሰንበት ገባ፤ መብራቱም እንደበራ አደረ።