የናርዶስ ዓሦች ውሃ

ስንዱ ቅዳሜ ጠዋት የዓሦቹን ውሃ ትቀይራለች። በባልዲ ያሳደረችውን ውሃ በትንሽ የመስታወት ቱቦ ቀድታ የመመርመሪያውን ፈሳሽ ጠብ ታደርግበታለች፤ ከአኳሪየሙም ቀድታ እንዲሁ ታደርግና ሁለቱን ቱቦዎች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ይዛ ቀለማቸውን ታስተያያለች። ሁለቱም ወደ ሰማያዊ ካደሉ ፒኤቻቸው፣ ማለትም የአሲድነት መጠናቸው፣ ተቀራራቢ ነው፤ ያኔ ብቻ ትጨምራለች። ዓሦቹ የልጇ የናርዶስ ናቸው። አባቷ ከመሞቱ በፊት የገዛላት ስለሆኑ፣ ለክረምቱ ቢሾፍቱ አክስቷ ዘርፌ ዘንድ ስትሄድ «እማ፣ እንዳሉ ላግኛቸው» ብላ አልቅሳ ነው የሄደችው።

የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ግቢውን ከአዲስ ጉድጓድ ጋር ባገናኘ ሰሞን ግን የባልዲው ውሃ በመመርመሪያው ቢጫ ቀለም አወጣ። ለዓይን ንጹሕ ነው፤ ሽታው ግን ሰው ለረጅም ጊዜ ተኝቶበት መስኮቱ ያልተከፈተ ክፍል ይመስላል፣ አንሶላና ትንፋሽ። ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ስለማይደርስ ስንዱ ከግቢው ቧንቧ በጄሪካን ትቀዳለች፤ ቧንቧውን በከፈተች ቁጥር፣ ውሃው ከመምጣቱ በፊት፣ ከመሬት ሥር አንድ ሰው ምራቁን የሚውጥ የሚመስል ድምፅ ይሰማታል።

«ጋሽ ቦጋለ፣ ውሃው ውስጥ ምን ገባ?» አለችው ዘበኛውን።

«ምን ይገባል ስንዱ? ይሄ ሁሉ ሰው ጠጥቶ ዝም ብሏል። አንቺ ለዓሣ ትጨነቂያለሽ! ጠብሰሽ ብትገላገያቸውስ?»

ሳቁ አላማራትም። የጉድጓዱ ቤት ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው።

ዓሦቹን የሸጠላቸው ይልማ በስልክ መከራት። «እትዬ፣ ዓሣን የሚገድለው ውሃው መለወጡ አይደለም፤ በአንዴ መለወጡ ነው። ጥቂት በጥቂት ያስገቡት። አይታወቃቸውም።»

ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ገዛች። ባልዲውን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችና አዲሱ ውሃ በጠብታ ወደ አኳሪየሙ እንዲወርድ አደረገች። ጠብ፣ ጠብ የሚለው ድምፅ ቀኑን ሙሉ ከቤቱ አይጠፋም፤ ስታበስልም፣ ስትጸልይም፣ ጎረቤት የለቀቀው ሬዲዮ ሲጮኽም ከሥሩ ይሰማታል። ሌላ ውሃ ስለሌለ እሷም ከዚያው ትጠጣለች፣ በዚያው ትታጠባለች። መጀመሪያ ያቅለሸልሻት ነበር፤ ከዚያ ሽታው ቀነሰ፤ በኋላ ጨርሶ ጠፋ። ጉድጓዱ ጠራ ማለት ነው ብላ አምላኳን አመሰገነች። የአኳሪየሙ ውሃ ራሱ ቢጫ ሲያወጣና ከባልዲው ጋር ፍጹም እኩል ሲሆን ከዓሦቹ አንዱም አልሞተም።

ሆኖም ልቧ አላረፈም። ጫማዎቿ ሰፍተዋል። የጋብቻ ቀለበቷ ሳህን ስታጥብ ከጣቷ ወልቆ ወደቀ። ልብሶቿ ሌላ ሰው ለብሶ የመለሳቸው ይመስል ትከሻዋ ላይ አልቀመጥ አሉ። ሰው ይገባል ብላ ጠረጠረችና ከበሩ ቁልፍ በላይ መቀርቀሪያ አስገጠመች።

ናርዶስ ልትመለስ በነበረበት ቀን መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ ሳሎኑን አጨልሞት ሳለ፣ ስንዱ ዓሦቹን ፎቶ አንስታ ላከችላት። ልጅቷ ወዲያው ደወለች።

«እማ፣ የኔዎቹስ?»

«እነሱው ናቸው እኮ!»

«አይደሉም። እውነቱን ንገሪኝ፣ ሞቱ አይደል? አሁን ሰፈር ደርሰናል፣ መጥቼ አያቸዋለሁ።»

ስንዱ በስልኳ ውስጥ የቆየውን ፎቶ ፈልጋ ከአኳሪየሙ መስታወት አጠገብ አስጠጋችው። በፎቶው ውስጥ ዓሦቹ ብርቱካናማ ናቸው፤ ዓይኖቻቸው ግራና ቀኝ። በውሃው ውስጥ ያሉት ግን ፀሐይ አይቶት እንደማያውቅ የሰው ገላ ነጥተዋል፤ ዓይኖቻቸው ወደ ፊት መጥተው ተቀራርበዋል፤ ሁሉም ወደ እሷ ዞረው፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ በሁለት ዓይናቸው ያዩዋታል። በየቀኑ ስለምታያቸው መቼ እንዲህ እንደሆኑ አታውቅም። ወይስ ሰው ለውጧቸዋል?

ዘበኛው ጋ ደወለች።

«ጋሽ ቦጋለ፣ እኔ ቤት ማን ይገባል?»

«ማን ይገባል? ከእንግዳሽ በቀር ማንንም አላሳለፍኩም።»

«የምን እንግዳ?»

«ያቺ ውሃ የምትቀዳልሽ ሴት ናታ። ሰላም ስላት አፍጥጣ አይታኝ ታልፋለች። አሁን ቅድም እንኳ ጄሪካኗን ይዛ ወደ ላይ ወጥታለች፤ አልወረደችም። አንቺ ግን ታመሽ ነው እንዴ? ከታየሽ ቆየሽ።»

ስንዱ ስልኩን ዘጋች። መቀርቀሪያው እንደተዘጋ ነው። ቢላ ይዛ መኝታ ቤቱን፣ የአልጋውን ሥር፣ ቁም ሳጥኑን፣ መታጠቢያ ቤቱን ፈተሸች። ማንም የለም፤ ጠብታው ብቻ ይሰማል። ልጇን አትምጪ ልትላት ስትደውል ስልኩ ከበሩ ውጭ ጮኸ።

«እማ! ክፈቺ፣ በስብሰናል!»

ሴትየዋ ደረጃው ላይ ተደብቃ ቢሆንስ? ስንዱ ቢላውን ጥላ ሮጠች፣ መቀርቀሪያውን ሳበች፣ ልጇን ጎትታ ልታስገባ እጆቿን ዘረጋች። የዘርፌ ፈገግታ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ናርዶስ ቀና ብላ የበሩን ቁጥር አየች፣ ከዚያ የተዘረጉትን እጆች፣ ከዚያ የስንዱን ፊት፤ ቀስ ብላ ወደ ኋላ እየሸሸች የአክስቷን ቀሚስ ያዘችና በትሕትና «ይቅርታ እትዬ፣ እማዬ የለችም?» አለቻት።