ሙሽራዋ የተቀመጠችበት ጎማ

«ማን ሞቶ ነው?» አለች ትሩፋት፣ ሥዕሉን በቅባት የጠቆረው እጇ እንዳይነካው አንገቷን ከሩቅ አስግጋ እያየች።

ሌንሳ ክው አለች። ከትምህርት ቤት በቀጥታ እናቷ ጎማ ወደምትጠግንበት ጎሚስታ የመጣችው ልታስደስታት ነበር።

«ማንም አልሞተም እማ። አንቺ እኮ ነሽ።»

«እኔ?»

ትሩፋት ጎንበስ ብላ አየችው። ከወረቀቱ የሚበልጠውን ቦታ የያዘው ግራጫ ሰማይ ነው። ከሥሩ ጥቁር የጎማ ክምር አለ። ቀኝ ጥግ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል፣ ፊት የሌላት፣ የጎበጠች ሴት።

«ሰማዩን ያሰፋሁት፣ አንቺን ያሳነስኩት ብቸኝነትሽ እንዲታይ ነው» አለች ሌንሳ፣ ቶሎ ቶሎ። «ቀለሙንም ሆን ብዬ ነው ያቀዘቀዝኩት። ቲቸር በፍቃዱ በጣም ወደውታል። ለክፍለ ከተማው ኤግዚቢሽን የኔ ሳይመረጥ አይቀርም።»

ጎማው እስኪሠራለት የሚጠብቀው የታክሲ ሹፌር ሱልጣን በትሩፋት ትከሻ በኩል አሻግሮ አየና ሳቁ አመለጠው። «ትሩፍዬ ናት ብቸኛ? እዚህ ቤት እኮ ለወሬም ወረፋ ተይዞ ነው!»

ትሩፋትም አብራው ሳቀች። ሱልጣን ጎማው ተገጥሞለት ከሄደ በኋላ ግን እጇን በጨርቅ እየጠራረገች፣ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«እንዲህ ነው እንዴ የምታዪኝ፣ ሌንሳ?»

ሌንሳ ሥዕሉን ጠቀለለችው። ትሩፋት ሥራውን ከወንድሟ ከማሞ ከተረከበች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሹፌሮቹ «ሰውዬው የት ሄደ?» ይሏት ነበር። ዛሬ ከብስራተ ገብርኤል ተነስተው፣ በመንገዳቸው ያለውን ጎሚስታ ሁሉ አልፈው፣ ላፍቶ ድረስ እሷን ፍለጋ የሚመጡ አሉ።

በማግሥቱ ሌንሳ የሆነውን ለጓደኛዋ ለሀኒፋ ነገረቻት። ሥዕሉን የሳለች ቀን ሀኒፋ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር።

«እውነቴን ልንገርሽ?» አለች ሀኒፋ። «ያን ቀን እኮ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ግራጫውን ከየት አመጣሽው?»

«የሚያሳዝን ሥዕል ነዋ የሚያሸንፈው! አምና አንደኛ የወጣውን አላየሽም? የሚያለቅሱ ሽማግሌ።»

«እና እናትሽን አስለቀስሻት?»

«ኧረ ተይኝ ባክሽ» አለች ሌንሳ። ነገሩ ግን ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዋ አልወጣም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደብተሯን፣ የውሃ ቀለሟንና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛ ከጎሚስታው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ተቀመጠች። ከራሷ ምንም ሳትጨምር፣ ያለውን ብቻ ለማየት ወስናለች። እርሳሷን ገና ከመያዟ ከመካኒሳ አቦ በኩል የክላክስ ጩኸት መጣ።

ጥር ነው፤ ሰርግ በየመንገዱ ነው። በአበባ ያጌጠች ነጭ መኪና እያነከሰች መጥታ ጎሚስታው በር ላይ ቆመች። የኋላ ጎማዋ መሬት ላይ ተኝቷል። አንድ ሚዜ ከረባቱን እያላላ ዘሎ ወረደ።

«ጎሚስታው የት አለ?»

«እኔ ነኝ» አለች ትሩፋት፣ ክሪኩን እየጎተተች።

ሚዜው አንዴ እሷን፣ አንዴ ጎማውን አየ። «እህቴ፣ ቸኩለናል…»

«ቆመህ ካየኸኝ የባሰ ይዘገያል። ይልቅ ሙሽራዋን አውርዳት፤ መኪናዋ በክሪክ ልትነሳ ነው።»

ሙሽራዋ ወረደች። የምትቀመጥበት ግን አልነበረም። ትሩፋት አንድ አዲስ ጎማ አንከባላ አመጣችና አጋድማ ንጹህ ካርቶን አነጠፈችበት። ሙሽራዋ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ እንደ ዙፋን ተቀመጠችበት። ይሄኔ ቀዩን የለበሱት ሴት ሚዜዎች እየዘፈኑ ከበቧት። በዚያ ሲያልፍ የነበረው ሱልጣን ታክሲውን ጥግ አስያዘ፤ ተሳፋሪዎቹም ወርደው ያጨበጭቡ ጀመር። ትሩፋት የቀየረችውን ጎማ ብሎኖች በጭብጨባው ምት ታጠብቃቸዋለች።

ሌንሳ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። መጀመሪያ የእናቷን ጀርባ ከነሰማያዊ ቱታው ወረቀቱ መሐል ላይ ትልቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ሰዎቹን በዙሪያዋ ደረደረቻቸው፤ ወረቀቱ አልበቃ ሲላት ጠርዝ ላይ ያሉትን ሰዎች ትከሻና ክንድ ቆርጣ ተወችው። ለሰማይ የተረፈው ከላይ አንድ ጣት የምታህል ቦታ ብቻ ነው። ብሩሹን ጥቁሩ ቀለም ውስጥ ልትነክር ስትል እጇ ቆመ። ጎማዎቹ ጥቁር አልነበሩም! ፀሐይ የነካው ጎናቸው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ለሚዜዎቹ የቀረቡት ደግሞ የቀሚሳቸው ቅላት አርፎባቸው ቀላ ብለዋል። ቢጫውን ከሁሉም ጋር ቀላቀለችው። በዚህ መሐል የመጨረሻው ብሎን ጠበቀና ትሩፋት ቁልፉን ከፍ አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው። መንገዱ ሁሉ ተቀበላት። ሌንሳም ብሩሹን በጥርሷ ነክሳ አጨበጨበች።

ሰርገኞቹ ከሄዱ በኋላ ትሩፋት መንገዱን ተሻግራ መጣች። ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አፍንጫዬ እንዲህ ነው?»

«አንድ ቦታ አትቆሚማ!»

ትሩፋት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሌንሳ የተቀመጠችበት ድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «አፍንጫው ይሁን። አሁን አየሽኝ።»

ሰኞ ዕለት መምህር በፍቃዱ ሁለቱን ሥዕሎች ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። ለኤግዚቢሽኑ የሚላኩት ሥዕሎች አጠገባቸው ተደርድረዋል።

«የመጀመሪያው ያለቀለት ነው» አሉ። «ይሄኛው መስመሩ ተንጋዷል። ሙሽራዋም ሦስት እጅ ያላት ትመስላለች።»

«አንዱ የሚዜዋ ነው ቲቸር።»

መምህሩ ፈገግ አሉ። «ግራጫው ስሜት አለው እያልኩሽ ነው።»

«ስሜቱ የኔ ነው። የቦታው አይደለም።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዲሱን ሥዕል ቀረብ አድርገው አዩት። ጎማዎቹ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆየ። «ቀለሙን በደንብ አይተሽዋል» አሉ በመጨረሻ። «ግን ዳኞቹ ጥንቅቅ ያለ ሥራ ይወዳሉ። ይሄን ከላክን ላይመረጥ ይችላል። አስበሽበታል?»

ሌንሳ ግራጫውን አየችው። እውነትም አንድም የተንጋደደ መስመር የለውም። ከዚያ አዲሱን ገልብጣ ጀርባው ላይ ስሟንና ክፍሏን ጻፈች። ከሥሩም «ትሩፋት ጎሚስታ፣ ላፍቶ፣ ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት» ብላ ጨመረችና ከሚላኩት ሥዕሎች ላይ ደረበችው።