መርዶ ያልገባበት ቤት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁንም የምነግራችሁ መብራቱ ስለጠፋ፣ ፊቴን ስለማታዩት ነው። ማንም ሻማ እንዳይለኩስ፤ ከለኮሳችሁ አቆማለሁ።

ስንቅነሽ የምትባል አስተማሪ ነበረች። ብዙ ዘመን ሆኗል። የመንደሯን ስም አልነግራችሁም። ልጅ ሆና ከዚያ ወጣች፣ ተማረች፣ ከተማ ሥራ ይዛ ቀረች። አንድ ቀን አክስትሽ ታማለች ቢሏት ልትጠይቅ ሄደች። አውቶቡሱ ሲበላሽ፣ ሲጠገን፣ እንደገና ሲበላሽ ውሎ፣ መንገድ ዳር ሲያወርዳት መሽቷል። ጨረቃ የለም። ሰው የለም። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ ቁልቁለት አለ፣ ወንዝ አለ፣ ዳገት አለ። ጫማዋ ተረከዟን ልጦታል። ትንሽ ትሄዳለች፣ ታርፋለች። ትንሽ ትሄዳለች፣ ታርፋለች።

ቁልቁለቱን ስታጋምስ ከኋላዋ አንድ ድምፅ ጠራት።

«ቁንጮዬ!»

በጨለማ ከኋላችሁ ብትጠሩ ምን ታደርጋላችሁ? ደጋግሞ እስኪጠራችሁ ዝም ትላላችሁ አይደል? ስንቅነሽም እንደዚያ ተብላ ነው ያደገችው። ግን ቁንጮዬ የሚላት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አብሮ አደጓ ማናህሎሽ። ጥጥ ለቀማ ቆላ ወረደች ሲባል ሰምታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንዷ ስለ ሌላዋ አልጠየቀችም። ተቀያይመው አይደለም። እንዲሁ ነው፤ ኑሮ ነው። እና ስንቅነሽ ምን አለች?

«አቤት!» አለች። ወዲያው።

«አንቺ ከተሜ! እንዲህ እየተንቀረፈፍሽ እስከ ነገም አትደርሺ!»

«ማናዬ! በዚህ ጨለማ ከየት መጣሽ?»

«ከቆላ። እናቴ ቤት እየሄድኩ ነው። ነይ፣ አብረን እንሂድ።»

አብረው ወረዱ። ማናህሎሽ ከፊት፣ ስንቅነሽ ከኋላ።

«የሰው ሽምብራ እሸት ስንነቅል ትዝ ይልሻል?» አለች ስንቅነሽ። «ባለቤቱ ሲመጣ ጥለሽኝ ትሮጪ ነበር!»

«አንቺስ? ጉንጭሽን ሞልተሽ አልበላሁም እያልሽ ትምይ ነበር!»

ሳቁ። ስንቅነሽ ድካሟን ረሳች። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ግን አንድ ነገር ሰማች። ውሃው የተንቦጫረቀው ለአንድ ሰው እግር ነው። ሰማችሁ? ለአንድ ሰው። ዳገቱ ላይ ጠጠር የሚንሸራተተው ከእሷ ጫማ ሥር ብቻ ነው። መንደሩ ዳር ውሾች እየጮኹ መጡ፣ ከዚያ ጅራታቸውን እግራቸው መሃል ሸጉጠው እያለቃቀሱ ሸሹ።

ያኔ ገባት። መሮጥ አማራት፤ ጉልበት ግን አልነበራትም።

«ማናዬ… ሞተሻል እንዴ?»

«ወባ ገደለኝ» አለች ማናህሎሽ፣ ዞር ሳትል። «እዚያው ቆላ ቀበሩኝ። አብረውኝ የነበሩት ተመልሰው እናቴን ሊያረዷት ተማከሩ። መጀመሪያ አዝመራው ይግባ አሉ። ከዚያ ፆሙ ይፈታ አሉ። ከዚያ ደግሞ በዓል ነው፣ እንዴት በዓሏን እናበላሽባት አሉ። በዓል መቼ ይጠፋል? እሷ በየማታው በሯን ሳትቀረቅር፣ ልጄን በደህና መልስልኝ እያለች ትጠራኛለች። ስትጠራኝ እመጣለሁ። ደጁ ድረስ እመጣለሁ፤ መግባት አልችልም። ያን ሁሉ መንገድ ተመልሼ እወርዳለሁ። በየማታው፣ ቁንጮዬ። ደከመኝ። መርዶዬን ንገሪልኝ። ታልቅስና ትተወኝ።»

«ማን ነገረሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ?»

አንድ ቀዝቃዛ እጅ ጀርባዋን ገፋ አደረጋት። ቀና ስትል ራሷን የማናህሎሽ እናት የእማማ ላቀች ደጅ ላይ አገኘችው። በሩ ተከፈተ። ኩራዝ የያዙ አሮጊት ብቅ አሉ።

«ማናህሎሽ?»

«ስንቅነሽ ነኝ፣ እማማ።»

«ውይ፣ ስንቅነሽ! ግቢ ልጄ፣ ግቢ። እሷስ?» ኩራዙን ከፍ አድርገው ከኋላዋ ያለውን ጨለማ ፈለጉ።

«ማን?»

«አታሹፊብኝ! የሁለታችሁን ሳቅ ከወንዙ ማዶ ሰምቼዋለሁ። የልጄ ሳቅ ይጠፋኛል? በያት፣ ትግባ!»

ስንቅነሽ ደክሞኛል ብቻ አለች። እውነቷን ነው። መርዶ ደግሞ በሌሊት አይነገርም። እማማ ላቀች መደቡ ላይ አነጠፉላት፣ እሳቸው ግን አልተኙም፤ በሩን ገርበብ አድርገው አጠገቡ ተቀመጡ። ስንቅነሽም አልተኛችም። ሌሊቱን ሙሉ ከደጅ፣ ከበሩ ወዲያ፣ አንድ ሰው ሲተነፍስ ይሰማት ነበር። እንደ ደከመው ሰው ረጅም ትንፋሽ። ከወዲህ እናት፣ ከወዲያ ልጅ፣ መሃል ላይ ያልተዘጋ በር።

ምንድን ነው? ማነው የሚያንሾካሹከው?

«እትዬ፣ ይቺ ስንቅነሽ የምትያት… አንቺ ነሽ እንዴ?»

ዝም ብለህ ስማ! ሊያልቅ ነው።

ጎህ ሲቀድ ተነሳች። የቆላ ተመላሾቹን ልቀስቅስ፣ ሽማግሌ ልሰብስብ ብላ ነበር፤ እንደገና ከበዓሉ በኋላ ይሁን ቢሏትስ? ተወችው። እማማ ላቀች በሩ ሥር እንደተቀመጡ ሸለብ አድርጓቸዋል። ቀስ ብላ ተሻግራቸው ወጣች። ከአጥሩ ውጭ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ እጇን አናቷ ላይ ጫነች፣ እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ «ወይኔ እህቴ! ወይኔ ማናዬ!» እያለች ወደ ቤቱ ገባች።