የኑርዬ በርኖስና ቀርበታ

ሳሊሕ ሻንጣውን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ አሰረ። ድንኳኑ ከአንድ ኪሎ ስኳር አይከብድም። የመኝታ ከረጢቱ ተጨምቆ ጭብጥ አክሏል፤ ምርኩዞቹ እንደ ጃንጥላ ይታጠፋሉ። ዱባይ በረሃ ውስጥ ስምንት ዓመት ለቱሪስት ድንኳን ሲተክልና ሲነቅል የኖረ ሰው ስለ መንገድ ጓዝ መካሪ አይፈልግም። ከሁሉም መሃል፣ በብርማ ማቀዝቀዣ ቦርሳ ውስጥ፣ ሁለት የኢንሱሊን ጠርሙሶች ተቀምጠዋል። የቀረው ዕቃ ሁሉ የእነሱ አጃቢ ነበር።

አክስቱ አሚናት በሩ ላይ ቆመው ሲያዩት ቆዩ።

«ጓዝህ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ቀላል ነው፣ አክስቴ።»

«ገለባም ቀላል ነው» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ የሟች ወንድማቸውን የኑርዬን ጥቁር የሱፍ በርኖስና ከፍየል ቆዳ የተሠራ የውሃ ቀርበታ ታቅፈው ነበር። ኑርዬ፣ የሳሊሕ አባት፣ ዕድሜውን ሙሉ በቅሎ እየነዳ በአምባሰል ላይ ጨው ሲያመላልስ የኖረ ነጋዴ ነው። «የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ። እንካ ያዝ!»

«ይኼ እኮ ብቻውን አራት ኪሎ ይመዝናል!»

«አባትህ ተሸክሞት አልሞተም።»

በርኖሱንና ቀርበታውን ሻንጣው ላይ በጠፍር ጠፈሩለትና መዳፋቸውን ዘረጉ። «አላህ መንገዱን ያግራልህ። ለልጅህ ያድርስህ።» ሳሊሕ አሚን አለ፤ ጀርባው ግን ገና ከደጅ ሳይወጣ ማጉረምረም ጀምሯል።

ለውጥ መጣ የተባለ ጊዜ ሳሊሕ ከዱባይ ሆኖ በስልክ አብሮ ጨፍሯል። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በሁለት ሺህ አሥራ አራት ጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ ደጃፍ ደረሰ። እሱም የመጣው ያኔውኑ ነው። መኪና ቆመ፤ ስልክ ተቋረጠ። ልጁ ሀያ ከግሸን ማዶ ባለው ቆላ፣ ወይራ አምባ በምትባል መንደር፣ ከእናቷ እናት ከኡሙሰልማ ጋር ትኖራለች። እናቷ ራዚያ ኩዌት ናት። ሳሊሕ ሲሄድ ሀያ የአንድ ዓመት ሕፃን ነበረች። አያቷ ኑርዬ አሳደጋት፤ እሱ ከሁለት ዓመት በፊት ሲሞት ወደ ቆላ ወረደች፤ እዚያ ስኳር በሽታ ያዛት። ሀሚዱ የሚባል ነጋዴ በእግሩ ተራራውን አቋርጦ መልእክት አመጣ፤ የልጅቱ መድኃኒት የቀረው የአራት ቀን ነው። ሀሚዱ ደግሞ ሁለቱን ቀን መንገድ ላይ ጨርሶታል። ለሳሊሕ የቀረው ሁለት ቀን ነበር።

እስከ እኩለ ቀን ሐይቁ ከኋላው ይታየው ነበር። ከዚያ ተራራው ዋጠው። ሽቅብ ወጣ፤ ገደል ጥግ ጥጉን ታከከ፤ በእጁም በጉልበቱም ቧጠጠ። የታጨደ ገብስ ባለቤቱ ጥሎት ሸሽቶ ማሳው ላይ ተዘርሯል። ከአንድም ጎጆ ጭስ አይወጣም፤ ውሻ እንኳ አልጮኸበትም። ሰው ሰላም ሳይል መዋል እንዲህ እንደሚከብድ ያወቀው ያን ቀን ነው።

ጫፉ ላይ ሲደርስ ሰማዩ ጠቆረ፤ በጥቅምት ያልተለመደ በረዶ ወረደበት። ሳሊሕ ድንኳኑን ዘረጋ፤ እጁ ሥራውን ያውቃል። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ካስማው ድንጋይ ላይ አልገባ አለ፤ ነፋሱ ብረቱን ቀጭ አድርጎ ሰበረው። ብርቱካናማው ድንኳን ተነፋ፣ ተነሳ፣ ገደሉን ተሻግሮ በረረ። የሁለት ወር ደሞዙ ነበር።

በርኖሱን ተከናንቦ ከቋጥኝ ሥር ተወሸቀ። ጠርሙሶቹ በብርድ እንዳይበላሹ ቦርሳቸውን ደረቱ ላይ አደረገ። በርኖሱ ከባድ ነው፤ በግና የበቅሎ ላብ ይሸታል፤ አንገት ይበላል። ድሮ ሁሉ ደግ ነበር የሚሉ ሰዎች አንድ ቀን ይልበሱትና ይንገሩን። ግን ይሞቃል። አባቱ እዚህ ጫፍ ሲደርስ በቅሎዋን በእንጉርጉሮ ያጫውታት ነበር አሉ። ሳሊሕ ዜማውን ሊያንጎራጉር ሞከረ፤ ሁለት ስንኝ ሳይሞላ ጠፋው። የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ቀርበታው ውሃ ተሞልቶ በር ላይ ከተሰቀለ አባቱ ነገ መንገደኛ ነው። ባዶውን፣ አፉ ወደ ታች ተዘቅዝቆ ምሰሶው ላይ ከተሰቀለ ግን ኑርዬ ቤቱ ሊከርም ነው፤ ልጆች የሚጨፍሩት ያን ቀን ነበር። «ምነው አንድ ቀን አብሬው በሄድኩ!» አለ ሳሊሕ ጮክ ብሎ። የሚሰማው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቆላው ማዘቅዘቅ ጀመረ። ምንጭ አየና ሻንጣውን ቋጥኝ ላይ አስቀምጦ፣ ቀርበታውን ይዞ ወረደ። አባቱ ቢኖር ይቆጣው ነበር፤ የአምባሰል ነጋዴ ጓዙን ወይ ይሸከማል ወይ ይቀመጥበታል እንጂ አስቀምጦት ዞር አይልም። ሳሊሕ ውሃውን ሞልቶ ሲመለስ ዝንጀሮዎች ሻንጣውን ከበውታል። አንዷ የመኝታ ከረጢቱን ትዘለዝላለች። አንድ ጎፈሬ ወንድ ደግሞ ብርማውን ቦርሳ በጥርሱ ይዞ ቋጥኝ ላይ ተጎልቷል።

«ጣለው! ጣለው አንተ ሸይጧን!»

ድንጋይ ወረወረ፤ ሳተ። ሮጠ፤ ወደቀ፤ ተነስቶ እንደገና ወረወረ። ሁለተኛው ድንጋይ ጎኑን አገኘው፤ ዝንጀሮው ቦርሳውን ለቀቀና ጮኾ ተፈተለከ። ሳሊሕ ቦርሳውን አንስቶ ዚፑን ሳበ። ሲከፍተው አንዱ ጠርሙስ ደቅቋል፤ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ፈሷል። አንዷ ጠርሙስ ተርፋለች። ፀሐዩ መፋጀት ጀምሯል፤ መድኃኒት ሻጩ ደግሞ ሙቀት ካገኛት ዋጋ የላትም ብሎ አስጠንቅቆታል። ሳሊሕ ተቀምጦ አለቀሰ።

ሲያለቅስ ክንዱ ቀርበታውን ነካ። ቆዳው አልቦት ነበር፤ ቀዝቅዟል። የቀርበታ ውሃ በሐሩርም የሚበርደው ቆዳው ስለሚያልበው እንደሆነ ኑርዬ ስንት ጊዜ ነግሮታል! ሳሊሕ ጠርሙሷን በፌስታል ደጋግሞ ጠቅልሎ ቋጠራት፣ ቀርበታው ውስጥ ጨመራት፣ አፉን በጠፍር አሰረ።

ከቀትር በኋላ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ሦስት መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከቁጥቋጦው ወጡ። ግማሽ ልብሳቸው የወታደር፣ ግማሹ የገበሬ ነው። የየትኞቹ እንደሆኑ አልጠየቀም፤ እነሱም አልነገሩትም።

«ቁም! እጅ ወደ ላይ!» አለ አለቃ የሚመስለው። «ይኼ የሲቪል ሻንጣ ነው? ይኼ ጫማ የሲቪል ነው?»

«ከዓረብ አገር ያመጣሁት ነው፣ ወንድሜ። ወላሂ፣ ወደ ልጄ ነው የምሄደው።»

«ሰላይ ሁሉ ልጅ አለው።»

ሻንጣውን ወሰዱ፤ ምርኩዞቹን፣ ስልኩን፣ ባትሪውን ወሰዱ። ጫማውን አስወለቁት። በሐይቅ ገበያ መሃል ቢሄድ የሚያኮራው ዕቃ ሁሉ እዚህ መሳቂያም መከሰሻም ሆነበት። አለቃው ቀርበታውን ቀምቶ አንደቀደቀ። ከዚያ ወዘወዘው።

«ምንድን ነው ውስጡ የሚንኳኳው?»

ቁስለኛ ያላቸው ሰዎች መድኃኒት አግኝተው አይመልሱም።

«ጠጠር ነው። አባቴ ውሃው እንዳይሸት ይጨምርበት ነበር።»

ሰውዬው አፉን ጠራርጎ በርኖሱን በመሣሪያው አፈሙዝ አነሳ፣ አሸተተና ወረወረለት። «ይኼን የሽማግሌ ዕቃ ይዘህ ጥፋ!» ሌሎቹ ሳቁ። ሳሊሕ ተሻገረ፤ ሳቁ እስኪርቀው ድረስ ወደ ኋላ አላየም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ እሾህና ጋሬጣ ነው። እግሩ ደማ። ሲያነክስ፣ ሲቀመጥ፣ ሲነሳ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወይራ አምባ ደረሰ።

ኡሙሰልማ ቀርበታውን ሲፈታ አፋቸውን ይዘው ተመለከቱት። ጠርሙሷን አውጥቶ ሲሰጣቸው ጉንጫቸው ላይ አስነኳት። «በረዶ ናት! አልሐምዱሊላህ!» መርፌው እሳቸው ዘንድ ነበር። ሀያ መደብ ላይ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗ ተከድኗል። ሳሊሕ ጎንበስ ሲል በርኖሱ ፊቷን ነካው። አሸተተችው።

«አባባ ኑርዬ መጣ?» አለች።

ሳሊሕ አይደለሁም ማለት አቃተው። ኡሙሰልማ መድኃኒቱን ወጓት፤ እሱ በርኖሱን አልብሷት እግሯ ሥር ተቀመጠ።

ሲነጋ ዓይኗን ገልጣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አንቱ ስልክ ውስጥ ያሉት ነዎት?»

የገዛ ልጁ አንቱ አለችው፤ እንደ መንገደኛ። በስምንት ዓመት ስንት ነገር ልኳል፤ ይኼን ቃል ግን ምንም አላስቀረለትም።

«እኔ ነኝ፣ አባትሽ።»

አሰበች። «ሲሄዱ በርኖሱን ይተውልኛል?»

«አልሄድም፣ ሀያዬ።»

ይኼን በስልክ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ዘንድሮ እመጣለሁ፣ ለኢድ እመጣለሁ። የበርኖሱን ጫፍ ጨብጣ ግድግዳውን ማየት ጀመረች። ሳሊሕ ሊምል አፉን ከፈተና ተወው። ተነሳ፣ እያነከሰ ወደ ደጅ ወጣ፣ የቀርበታውን ውሃ እስከ መጨረሻው ጠብታ ደፋ። ተመልሶ ገባና ባዶውን ቀርበታ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቆ ምሰሶው ላይ ሰቀለው።

ሀያ ቀርበታውን አየች። ኑርዬ ቤት ያደገች ልጅ ናትና የሚነግራት አላስፈለጋትም።

«እግርህ ደምቷል» አለች ቀስ ብላ፤ ወደ ግድግዳው ተጠግታ የበርኖሱን ጫፍ ገለጠችለት።