ለየዝናሽ የተቀዳው አጥሚት

እማማ በቀለች ጠዋት መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞቱ። ከእግራቸው ሥር የወደቀው የአጥሚት ኩባያ የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል። እሳቸው ግን ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር አልሸተታቸውም።

ኢንስፔክተር ሀምዲያ በሩን አስቆልፋ ሦስቱን የቤት ሰዎች አስቀመጠች፤ ልጃቸው ማስረሻን፣ ሴት ልጃቸው ምንውየለትንና የማስረሻን ሚስት የዝናሽን። የአሶሳ ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ነፍሰ ጡሯ የዝናሽ ኩባያውን ለአማቷ ያቀበለችው እሷ ናትና፣ ጥግ ይዛ ካቴናውን ትጠብቃለች። ልጆቼ፣ የሚያምነው ያጣ ሰው አራቱም ግድግዳ ይጠበዋል።

ምንውየለት አልራራችላትም። የዝናሽ ካቻምና በተነሳችው ራጅ ሁለቱም የማህፀን ቱቦዎቿ ዝግ ናቸው መባሉን፣ ታዲያ ይህ ፅንስ ከየት መጣ እያሉ እማማ ሲያፋጥጧት መክረማቸውን ተናገረች። በዚህ ቂም ገደለቻቸው ባይ ናት። ሀምዲያ ነገሩን ከሥሩ ስትጠይቃት ግን፣ አጥሚቱን ከአንድ ድስት ለሁሉም የቀዳችው ራሷ መሆኗን፣ የዝናሽም ኩባያዋን ተቀብላ ምንውየለት ዓይኗ እያየ ወዲያው ለእማማ ማቀበሏን አመነች።

«ከማን ተቀበልሽ?» አለቻት ሀምዲያ የዝናሽን።

«ከማስረሻ። ሰጥቶኝ ወጣ። በተጋባን በስድስት ዓመታችን ኩባያ ሲያነሳልኝ የዛሬው የመጀመሪያው ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ሽታው ሲያስመልሰኝ ለእማማ ሰጠኋቸው።»

«እሱ ኩባያ የሚያነሳው ሊጠጣ ብቻ ነው» አለች ምንውየለት፣ ሳታስበው።

ሀምዲያ ከቁም ሳጥኑ የማስረሻን ኮት አወጣች። ከውስጥ ኪሱ የራጁ ውጤት ወረቀት ተገኘ፤ ከመነበቡ ብዛት እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል።

«መርዙ ለእማማ አልነበረም» አለች። «ከዚያው ድስት የጠጡት ደህና ናቸው። ምንውየለት ማን የትኛውን ኩባያ እንደሚያነሳ አታውቅም። የዝናሽ መርዝ ለመጨመር ጊዜ አላገኘችም፤ ምንውየለት አይታታለች። ከድስቱ እስከ የዝናሽ ድረስ ኩባያው በአንድ እጅ ብቻ ነበር። ባንተ እጅ።»

ማስረሻ አንገቱን ደፋ። «ዝግ ነው ተብሏል። የሌላ ሰው ልጅ ላሳድግ?»

«ሐኪም በስልክ ጠይቄያለሁ። ሴት በራጁ ሰዓት ስትደነግጥ ቱቦዋ ተኮማትሮ፣ ክፍቱ ዝግ መስሎ ሊታይ ይችላል። ዝግ ተብለው ያረገዙ አሉ። ለመሆኑ ቱቦው በእውነት ቢዘጋ፣ ላንተ ዝግ ለሌላ ወንድ ክፍት ይሆናል? ወረቀቱ እውነት ከሆነ ልጅ የለም። ልጅ ካለ ወረቀቱ ተሳስቷል።»

ማስረሻ የሚስቱን ሆድ አየ፤ ከዚያ የእናቱን ባዶ መደብ። እጁን ሳይጠየቅ ለካቴናው ዘረጋ።

ከወሰዱት በኋላ በሩ ወለል ብሎ ሳለ የዝናሽ ከጥጓ አልተነሳችም። ሀምዲያ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ተነሽ ልጄ፤ ነፋስ ይንካችሁ።»