ዳገቱን ያቀለለው ብልቃጥ

በዚያ ጎሚስታ ቤት ከውድድር የተመለሰ ብስክሌተኛ ደህና ዋልክ አይባልም። «ስንተኛ?» ነው የሚባለው። ጎሚስታው እጁን ከያዘው ጎማ ላይ ሳያነሳ፣ ቀና ብሎም ሳያይ ይጠይቃል። አንደኛም ሁለተኛም ሦስተኛም የወጣ ወንበር ይሳብለታል። አራተኛ ነኝ ያለ ግን ጉዱ ፈላ።

«ተመልካች ነበርኩ በለኛ! ለመሆኑ ትኬት ቆርጠህ ነው የገባኸው ወይስ በነጻ?»

ጎማ ሊያስነፋ የቆመው ባለታክሲ ሳይቀር ይስቃል። የተሸነፈውም አብሮ ይስቃል፤ ሌላ ምን ያድርግ?

ጎሚስታው ክፉ ሰው አልነበረም። ቀን ጎማ እየለጠፈ፣ ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ብስክሌተኞች በነጻ የሚያሠለጥን ሰው ነው። ግን ሆዱ ውስጥ ያልሻረ ነገር ነበረው። በጉብዝናው ዘመን ለትልቁ ውድድር ሊመረጥ ሲል፣ ኪኒን እየዋጠ የሚጋልብ አንድ ባልደረባው ቦታውን ነጠቀው። ሄዶ ለፌዴሬሽኑ ሰዎች ተናገረ። ከረባታሞቹ እርስ በርስ ተያይተው ሳቁበት። «ስትሸነፍ ነው እንዴ ትዝ ያለህ?» አሉት። ያቺ ሳቅ ከጆሮው ወጥታ አታውቅም። እስከ ዛሬ የፌዴሬሽኑ መኪና ጎማ ተንፍሶ ደጁ ቢቆም፣ ማስቲሹ በቆርቆሮ ሞልቶ እያዩት «ማስቲሽ አልቋል» ይላቸዋል።

ቂሙን ሊወጣ ያሰበው በእህቱ ልጅ ነበር። ልጁን ከቅጥነቱ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ «ሽቦ» ይለዋል፤ ጎልማሳ ለመሆን የደረሰ፣ ዝምተኛ፣ ታዛዥ ወጣት ነው። ሜዳ ላይ የሚቀድመው የለም። ዳገት ሲመጣ ግን ይቀራል። አጎቱ ሥራ የበዛበት ቀን እንኳ ቢሆን ይህን ሳያነሳበት አይውልም ነበር።

«አንተ ከእኔ ደም አይደለህም እንዴ? ይሄ ዳገት ነው ወይስ አልጋ፣ ሄደህ የምትተኛበት?»

ታዲያ አንድ ሰሞን ዳገቱ ለሽቦ ቀለለው። ከጓደኞቹ ተነጥሎ ሲወጣ አፉን እንኳ አይከፍትም። አንደኛ ወጣ፤ ደግሞም አንደኛ ወጣ። የፌዴሬሽኑ ሰዎች ከመኪናቸው ወርደው የጎሚስታውን እጅ ጨበጡ፤ በዘይት የተለወሰውን እጅ። እሱም የዚያን ዕለት ጎማቸውን ለጠፈላቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ውኃ ሊያወጣ የሱቁን ትንሽ ፍሪጅ ሲከፍት፣ ከለስላሳ ጠርሙሶቹ ኋላ በጨርቅ የተጠቀለሉ ብልቃጦች አገኘ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የጓደኛዬ እናት የኩላሊት መድኃኒት ነው ጋሼ። ደም ሲያንሳቸው የሚወጉት። ፍሪጃቸው ተበላሽቶ ነው» አለ ሽቦ።

«የትኛው ጓደኛህ?»

ሽቦ ጎንበስ ብሎ የብስክሌቱን ሰንሰለት ዘይት መቀባት ጀመረ። «አታውቀውም።»

ሰፈሩን ቤት ለቤት የሚያውቅ ሰው «አታውቀውም» ተባለና ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። ያልገባው ሆኖ አይደለም። እንደዚህ ያለውን ነገር ከእሱ በላይ የሚያውቀው አልነበረም፤ ዕድሜውን የበላው ይኸው ነው። ግን የፌዴሬሽኑ ሰዎች የጨበጡት እጁ ገና አልቀዘቀዘም። ብልቃጦቹን እንደነበሩ ጠቀለላቸው። ፍሪጁንም ከመዝጋቱ በፊት ማዞሪያውን ነካ አደረገና ቅዝቃዜውን ከፍ አደረገው።

ለብሔራዊ ቡድን የሚመረጥበት ውድድር ሲቃረብ ሽቦ ባቱን እያሻሸ «አብጦብኛል መሰለኝ ጋሼ» አለው።

«ድካም ነው። ስታሸንፍ ይለቅሃል።»

በውድድሩ ቀን ሽቦ ዳገቱ ወገብ ላይ ከሁሉም ፊት ነበር። ድንገት ደረቱን ያዘ። እግሩ ጥቂት ፔዳል መታ፤ ከዚያ ብስክሌቱም እሱም በአንድ ላይ ወደ ጎን ዘመሙ። ጎሚስታው ደርሶ ቀና ሲያደርገው ከንፈሩ ጠቁሯል። ሊናገር ይሞክራል፣ ትንፋሽ የለውም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ዶክተሯ ቤተ ዘመዱን ሰበሰበች። «ሙቀት ይሁን ልብ ወይም ሌላ ገና አልለየንም፤ ጊዜም የለንም። የሚወስደው ነገር አለ? ቪታሚንም ይሁን መርፌ ንገሩኝ።»

«የኔ ልጅ? የራስ ምታት ኪኒን እንኳ በግድ ነው የሚውጠው!» አለች እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

ከፌዴሬሽኑ ሰዎች አንዱ የሆነው የሽቦ ቡድን መሪ፣ ከረባቱ እንኳ ያልተዛነፈ ሰውዬ፣ ጎሚስታውን ክንዱን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደው።

«ሙቀት ነው በላት።»

«ሙቀት ነው እንዴ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅ አትሁን። ሁሉም የሚያደርገው ነው። በባዶው የሚጋልብ ማንን አይተሃል? ብትናገር ይታገዳል፤ ቡድኑም ይበተናል። ዝም ካልክ ግሉኮስ ይሰጡታል፣ ይነሳል። ውድድሩን ባይጨርስም ስሙ ለብሔራዊ ቡድን ገብቷል። ያንተንም ስም በአሠልጣኝነት አስገብቻለሁ፤ አብረኸው ትሄዳለህ።»

ጎሚስታው በወጣትነቱ የተዘጋበት በር ይኸው ወለል ብሎ ተከፈተለት። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ቃል ናት። በበሩ መስታወት ወደ ውስጥ አየ። የሽቦ ደረት አንሶላውን በጭንቅ ያነሳዋል፤ ሲመልሰው ይዘገያል፤ ሲያነሳው ደግሞ ይብሳል።

ክንዱን ከሰውዬው አላቀቀና ወደ ዶክተሯ ሄደ።

«የኩላሊት ሕመምተኞች የሚወጉት ነው፣ ደም የሚያበዛው። ሲወስድ ሰንብቷል። ባቱም አብጦ ነበር።»

ዶክተሯ ወደ ውስጥ ሮጠች።

እህቱ ግን ፊቱ ቆመች። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር እትዬ።»

«እያወቅክ አወጣኸው? ዳገት አወጣኸው ልጄን?» ደረቱን በቡጢ መታችው። እሱም እጁን አላነሳም፤ እስኪበቃት ቆመላት።

ደሙ ከልክ በላይ ወፍሮ ባቱ ውስጥ ረግቶ ነበር። ከዚያ የተነሳው የደም ጓል ሽቅብ ሄዶ ሳንባውን ዘግቷል። ዶክተሯ ምን እንደምትፈልግ ስላወቀች ደረሰችበት፤ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ አትደርስበትም ነበር። ሽቦ ተረፈ። የሳንባው አንድ ወገን ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ሲያገግም አጎቱ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ።

«ለዶክተሯ ለምን ነገርካት?» አለ ሽቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ።

«ልትሞት ነበራ!»

«ዛሬ አሰብክልኝ? ተመልካች ሲለኝ የኖረው ማን ነው? ጎማ ሊያስነፋ በመጣ መንገደኛ ፊት ሳይቀር! ዳገቱ ላይ እግሬ ሲከዳኝ የምሰማው ያንተን ሳቅ ነበር። የቡድኑ ሰዎች መርፌውን ሲሰጡኝ መጀመሪያ እምቢ ብያለሁ። ከወሰድኩም በኋላ ጋሼ ያገኘዋል፣ ይሰባብረዋል፣ በጥፊ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ጠብቄህ ነበር። አንተ ግን ማዞሪያውን ከፍ አደረግህ። አይቼሃለሁ። ፈቀደልኝ አልኩ።»

 የከረባታሞቹን ሳቅ ስንት ዘመን ሲረግም ኖሮ፣ ያንኑ ሳቅ ወስዶ የገዛ እህቱ ልጅ ላይ ሲስቅ እንደኖረ ለጎሚስታው ገና የዚያን ቀን ታየው።

ሽቦ ታገደ። አጎቱም የሚያውቀውን ሁሉ ለመርማሪዎቹ ተናግሮ ከአሠልጣኝነት ተሰናበተ። የቡድን መሪው ግን «አልሰማሁም፣ አላየሁም» ብሎ ዛሬም ወንበሩ ላይ አለ። ይህንንም እወቁት። የሚቀጣው ሁልጊዜ ላቡን ያፈሰሰው ነው።

ጎሚስታው የሰፈሩን ወላጆች ሱቁ በር ላይ ሰብስቦ ከመነሻው እስከ መድረሻው ነገራቸው፤ ማዞሪያውንም አልደበቀም። አንድ አባት እጁን አነሳ።

«ሁላችንም ስንሰማህ ቆይተናል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጄ ሳይወጋ ያሸንፋል ወይ?»

«ላያሸንፍ ይችላል» አለ ጎሚስታው።

«ታዲያ ምን ልትለን ነው የሰበሰብከን?»

«ይሄንኑ ልላችሁ ነው። ላያሸንፍ ይችላል። እሱን መሸከም ያለብን እኛ ነን፣ ልጁ አይደለም።»

አንዳንዱ እያጉረመረመ ልጁን ይዞ ሄደ። የቀሩት ጥቂት ነበሩ።

ይህን ነገር መከላከል ይቻላል ወይ የሚሉ አሉ። ሽንትና ደም መመርመሩ ይሁን፣ ደግ ነው። ግን ምርመራው የሚደርሰው መርፌው ገብቶ ካበቃ በኋላ ነው። ያ ብልቃጥ ምርመራው ጋ እስኪደርስ በስንት ሰው ዓይን ሥር ያልፋል! አሠልጣኝ ያየዋል፣ ጓደኛ ያየዋል፣ ቤተሰብ ያየዋል። ሁሉም ግን ማሸነፉን ስለወደደው አላየሁም ይላል። ወጣቱ መርፌውን የሚወጋው ስግብግብ ሆኖ ብቻ አይመስላችሁ። ተሸንፎ የሚገባበት ቤት አጥቶም ነው። ልጃችሁ ድንገት ዳገቱ ሲቀለው ከማጨብጨባችሁ በፊት ጠይቁት። ተሸንፎ ሲመጣ ደግሞ ወንበር ሳቡለት።

ሽቦ አሁን እናቱ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። አጎቱ በዚያ ሲያልፍ ፊቱን ወደ መደርደሪያው ያዞራል፤ ጋሼ ብሎም አይጠራውም። ጎሚስታው ግን በየጠዋቱ በዚያው በኩል ነው የሚያልፈው። ሰዎች «አኩርፎህ የለም እንዴ፣ ምን ያመላልስሃል?» ሲሉት፣ «ያኩርፍ። የሚያኮርፈው እኮ በሕይወት ያለ ሰው ነው» ይላቸዋል።