ከበሩ ሥር የተወተፈው ጨርቅ

ሬሳው ገና ሳይታይ ተሸተተ። መርማሪዋ ከኮሪደሩ ጫፍ ላይ አፍንጫዋን በክንዷ ሸፈነች። ባልደረቦቿ «አነፍናፊዋ» ይሏታልና አፍንጫዋን ስትሸፍን ማየት ለአጃቢዋ ፖሊስ አዲስ ነገር ነበር። የገማ ነገር ላይ ሽቶ ሲርከፈከፍበት ግማቱ ይብሳል፤ እዚህ ቤት የተደረገውም ይኸው ነበር።

ሟቹ ጡረታ የወጡ ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። የስኳር ሕመም ነበረባቸውና የቆሰለው ግራ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ቅዳሜ ከሰዓት አስታማሚያቸው ያቀረበችላቸውን ሾርባ ጠጡ፤ አስመለሳቸው፤ እሑድ ረፋድ ላይ ሞቱ። ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ሬሳው ሳይቀዘቅዝ «መርዝ አብልታ ገደለችብኝ» ብላ አስታማሚዋን አሳሰረቻት።

«ከሾርባው በፊት እንዴት ነበሩ?» ስትል መርማሪዋ ልብስ ሰፊዋን ጠየቀቻት።

«ደህና ነበሩ፤ ምን ይሆናሉ? ትናንት የልጄ እጮኛ ቤተሰቦች ሊያዩን ሲመጡ እሳቸው እዚህ ጓዳ ተኝተው ነበር።»

«ለምን ጓዳ?»

«ጫጫታው እንዳይረብሻቸው ብዬ ነዋ።»

መርማሪዋ ሳሎን ስትገባ ያየችው ሌላ ነው። አዲስ ሰማያዊ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ምንጣፉ ላይ አራት የአልጋ እግር ጉድጓዶች ይታያሉ። የጓዳው መስኮት ግን ዙሪያውን በሰፊ ፕላስተር ታሽጓል፤ አልጋው ሥር ሦስት ባዶ የሽቶ ጠርሙሶች ወድቀዋል። ስትወጣ እግሯ አንድ ነገር መታ። ከበሩ ሥር፣ ከኮሪደሩ በኩል የተወተፈ ጨርቅ ነው። በሁለት ጣቷ አንስታ ከረጢት ውስጥ ከተተችው።

ቁስሉን በየሳምንቱ ሐሙስ የሚያጥበው ነርስ የነጣ ጋውን ለብሶ መጣ። አልጋው ራስጌ በተሰቀለው ቅጽ ላይ በየሐሙሱ ትይዩ «ቁስሉ ንጹሕ ነው፤ ደርቋል» ተብሎ በአንድ እስክሪብቶ ተጽፏል።

«ፋሻውን መጨረሻ የቀየርከው መቼ ነው?»

«ሐሙስ፣ ለስኳር ምርመራ ደም የቀዳሁላቸው ዕለት። ቅጹ ላይ አለ።»

«ቅጹ ላይማ የሚመጣው ሐሙስም አለ።»

«ጊዜ ለመቆጠብ አስቀድሜ እሞላለሁ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው።»

ገና ያልታየ ቁስል ደርቋል ተብሎ ተፈርሞበታል። መርማሪዋ እንዲህ ካለው ሰው ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ አስጠላትና ቆማ ጨረሰች።

አስታማሚዋ ጣቢያ ውስጥ እጇ በካቴና ታስሮ ተቀምጣለች። «ፋሻው ሲረጥብ ልፈታው ስል እትዬ እጄን መቱኝ» አለች። «የነርሱ ሥራ ነው አሉኝ። ሃያ ዓመት በሽተኛ አስታምሜ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ገዳይ ከተባልኩ ማን ያስጠጋኛል?»

አስከሬን ምርመራ ክፍል ሐኪሙ ፋሻውን ፈታው። የታችኛው ጥጥ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ አረንጓዴ ሆኗል፤ ከሥሩ ትል ይርመሰመሳል። መርማሪዋ ወጥታ አስመለሰች፤ አፏን ተጉመጥምጣ ተመለሰች።

«አሥር ቀን ያህል አልተነካም» አለ ሐኪሙ።

የመርዝ ምርመራው ውጤት ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ሴትዮዋ ታስራ ልትቆይ ነው። መርማሪዋ ግን የሐሙሱን ደም አስታውሳ ወደ ላቦራቶሪ ሄደች።

«ከእያንዳንዱ ናሙና የሚተርፈውን በዕለቱ አቀዝቅዘን እናስቀምጣለን» አለ ሽበታሙ የላቦራቶሪ ባለሙያ። «ደም ውስጥ ኮምፕሊመንት የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፣ እህቴ። ጀርም ሲገባ ኡኡታ እንደሰማ ጎረቤት አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ይወጣሉ። ጀርሙን ይበሱታል፤ ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራሉ። ጀርሙ ደሙን ካጥለቀለቀው ግን ግርግሩ ልክ ያጣል። የራሳችንን የደም ሥር ያስቆጣሉ፤ ኩላሊትና ልብ ይጎዳሉ፤ እነሱም እየተሟጠጡ ይሄዳሉ።»

«የሽማግሌውስ?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት የተቀዳው ሙሉ ነው። የሐሙሱ ተሟጧል። ብቻውን አይፈርድም፤ ከቁስሉና ከሬሳው ደም የወጣው ጀርም ግን አንድ ዓይነት ነው።»

ረቡዕ ጠዋት መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አስታማሚዋ በፖሊስ ታጅባ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ሾርባው ቅዳሜ ነው የተጠጣው» ስትል ጀመረች። «ደማቸው ግን ሐሙስ ዕለት መከላከያውን እየጨረሰ ነበር። የቅዳሜ ሾርባ የሐሙስን ደም አያውክም። ያስመለሳቸውም ከቁስሉ የመጣው የደም መመረዝ ነው።» ወደ ነርሱ ዞረች። «አንተ ሐሙስ ፋሻውን አልፈታህም፤ ጥጡ አጋልጦሃል። ሰነፍ ነህ እንዳልል ደም ለመቅዳት መጥተሃል። ፋሻ መፍታት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ማን ከለከለህ?»

ነርሱ ዞር ብሎ ልብስ ሰፊዋን አየ።

መርማሪዋ ጨርቁን ከከረጢቱ አውጥታ ከመጋረጃው ጎን ዘረጋችው። ሰማያዊው አንድ ነው፤ የጠርዙ ስፌትም አንድ ነው።

«ይህ የተወተፈው ከኮሪደሩ በኩል ነው። ውስጥ የተኙት ሽማግሌ ደግሞ መነሳት አይችሉም። ሽታው ሳሎን እንዳይደርስ የፈለገ ሰው አለ። መጋረጃው መቼ ተሰፋ?»

«ባለፈው ረቡዕ፤ እማዬ ናት የሰፋችው» አለች የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ የታጨችው ሙሽሪት፣ በቀስታ።

«ስለዚህ እመቤት፣ ከእንግዶቹ በፊት አባትዎ እየበሰበሱ እንደሆነ ያውቁ ነበር።»

«እንግዶቹ እስኪሄዱ እንዳትፈታው አሉኝ» ሲል ነርሱ ቀደማት። «ከተፈታ ቤቱ ሳምንት ይሸታል አሉ።»

ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። «እሑድ ሊፈታው ነበር እኮ። የሦስት ቀን ነገር ነው። አማቾቼ አፍንጫቸውን ይዘው ቢወጡ ልጄን ማን ያገባት ነበር?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህች ግን የደበቀችው የሰው በሽታ ነው፤ ሲታወቅ ደግሞ ገበናዋን በሌላ ሴት ካቴና ሸፈነችው። ሙሽሪት ከእናቷ አጠገብ ተነስታ ሄደች።

ካቴናው ተፈታ። አስታማሚዋ ማንንም ሳታይ ወደ ጓዳው ገባች። ፕላስተሩን በጥፍሯ ልጣ መስኮቱን ከፈተችው፤ ከዚያ ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዓርብ ዕለት አባባ አንድ ነገር ለምነውኝ ነበር» አለች። «‹መስኮቱን ክፈቺልኝ› አሉኝ። የሰው ቤት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»